ቸርኬውን የሚዳስሱት መምህርት እስከዳር ፈረደ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በዚህ ሙቀት ከገንዳ ውኃ ድረስ አስከሬን ተከትላችሁ ሽንፋ የገባችሁ ወገኖቻችን፣ መድከማችሁን እናውቃለንና ነገሩን አናረዝምባችሁም፤ ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ቢሻውም በዚህ ዓመት ብቻ እዚህ ቦታ ላይ ወረቀት ይዞ ሲቆም ሦስተኛው ነው።

መምህርት እስከዳር ከአባታቸው ከአቶ ፈረደና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች በ1968 ዓ.ም. እዚሁ ሽንፋ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከደጋ ወርደው ሰሊጥ የሚያርሱ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ግን ከአረሙ ይልቅ የቆመ ትራክተር መፈታታት ይቀናቸው ስለነበር፣ እናታቸው ይህችን ልጅ ማን ያገባታል እያሉ ይጨነቁ ነበር። በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው ጎንደር ላይ ማስተማር እንደ ጀመሩ ግን የአብደራፊውን የትራክተር መካኒክ አቶ አለምሰገድን አግብተው ውቢትንና አንዱአምላክን ወለዱ።

በ2014 ዓ.ም. ቤንዚን የጠፋባቸው የሽንፋ ባለ ባጃጆች በኤሌክትሪክ የሚሄድ እንዲመርጡላቸው ለመኗቸው። መምህርት እስከዳርም ያለ ማርሽና ያለ ሰንሰለት፣ ከቸርኬው ውስጥ ተቀምጠው ጎማውን በቀጥታ የሚያዞሩ ሁለት ሞተሮችን ጎንደር ላይ አወዳደሩ፤ የአንደኛው ማግኔቶች በማጣበቂያ የተለጠፉ፣ የሁለተኛው ደግሞ ብረቱ ውስጥ የተቀበሩ ነበሩ። ባለ ልጥፉ ቀላልና ፈጣን፣ የተቀበረው ከባድና የሚያጉረመርም ሆኖ ስላገኙት ባለ ልጥፉን ግዙ አሏቸው።

ጎንደር ግን ጎንደር ነው። በሚያዝያ ሽንፋ ላይ ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጋለ፣ ማጣበቂያው ለቀቀ፣ የተላቀቀው ማግኔትም ተሰንቅሮ ጎማውን ቀጥ ሲያደርገው ባጃጁ ተገለበጠና ሷሊህ የተባለው ባለ ባጃጅ እግሩን ተሰበረ። የቆላ ልጅ ሆነው የቆላን ሙቀት መርሳታቸው አንገበገባቸው፤ በየቤቱ እየዞሩ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ ብለው ይቅርታ ሲጠይቁ ሌሎቹ እሺ አሏቸው፣ ሷሊህ ግን ፊቱን አዞረባቸው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ገንዳ ውኃ ተዛውረው፣ ያለ ቀትር አልፈትንም በማለት፣ ማግኔቱ የተቀበረውን ሞተር ሰሊጥ በጆንያ እያስጫኑ ሦስት ዓመት በፀሐይ ተንከራተቱ። ባጃጅ ሲመጣ ለሹፌሩ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ቸርኬውን በመዳፋቸው ይይዙና እጃቸው ስንት ትንፋሽ እንደ ቻለ ይቆጥሩ ነበር፤ ያ መዳፍ ስንት ጊዜ እንደ ተላጠ የምናውቀው እኛ ነን። ማግኔት ከልክ በላይ ከጋለ ጉልበቱን ይጥላል፣ ቢበርድም አይመለስለትም እያሉ ሲያስተምሩ የራሳቸውን ነገር ልብ አላሉትም፤ ኩላሊታቸው ታሞ እረፉ ሲባሉ እሺ ብለው ተመልሰው ፀሐይ ላይ ይውላሉ። ኧረ ስንቱን ለመንናቸው!

ማግኔቱ የተቀበረው ሞተር እንደሚያዋጣ ስላረጋገጡላቸው ባለ ባጃጆቹ ሁሉ ለወጡ፤ ሷሊህም ለወጠ፤ ነገር ግን እርሳቸው ወዳሉበት ዝር አላለምና፣ የእርሱን ቸርኬ ብቻ ሳይነኩ ትናንት፣ በመጋቢት 2018 ዓ.ም.፣ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

በገንዳ ውኃ ቤንዚን አልነበረም። ሷሊህ ማንም ሳይጠራው እያነከሰ መጥቶ አስከሬናቸውን በባጃጁ ጭኖ በዚህ ቀትር አንድም ቦታ ሳይቆም አደረሳቸው።

መምህርት እስከዳር እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ያ ወንድማቸው ሳጥኑ ከባጃጁ ሲወርድ በእርሳቸው ፈንታ የሷሊህን ቸርኬ ይዞ ትንፋሹን ቆጥሯል፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም፤ እጁንም ያነሣው አቃጥሎት ሳይሆን፣ ሷሊህ የራሱን እጅ ደርቦበት ሲያለቅስ ቆጠራው ስለ ጠፋበት ነው። እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን ጥላ ባለበት ያሳርፍልን፤ አሜን።