ወይራው ላይ የተገኘው መንሽ

ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቱንም ጊዜ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ስለ ጎርፍ ስጽፍ የሚስቅ ይሳቅ። የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ጥቂት ብጨምርም ለጣዕም ነው።

ከሮቤ ገበያ ስመለስ፣ ሻያ ወንዝ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሚዘረጋበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ጎረቤቴ ሐጂ አብዶ ችካል ሲተክሉ አገኘኋቸው። የዓመቱን ስንዴ በሙሉ የሚያስገቡበት መጋዘን ሊሠሩ ነው። የወንዙን ዳር የምታጠና ሳምራዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሜትር ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«አካም ጅርቱ፣ ሐጂ!» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው! ና እስቲ ሳላሀዲን፤ መምህርቷ ቦታ ይለውጡ ትለኛለች።»

«ልክ ናት! እዚህ ጎርፍ ላሜን ጠርጎ እስከ ሼክ ሁሴን መስጊድ አድርሷት፣ እንደ ተሳላሚ ዘይራ በእግሯ ተመልሳለች።»

«አስተግፊሩላህ በል! መምህርት፣ ይህን ሰው አትስሚው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐጅ ደርሼ ስመለስ ስንዴ የማዘራበት መንሽ ጠፋ። ‹ጎርፍ ሲወስደው አየሁ› አለኝ። ጎርፉ እሱ ራሱ ነው!»

እውነቱን ልናገር፤ ላም ኖሮኝ አያውቅም። መንሹን ግን አልሰረቅኩም፤ እሳቸው ሐጅ ላይ ሳሉ ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ያለፈው ጎርፍ ሲወስደው በእርግጥ አይቻለሁ። ብዙ ስለምዋሽ ይህችን አንዲት እውነቴን የሚያምነኝ ጠፋ።

ሳምራዊት ፈገግ ብላ፣ «አባባ፣ ሁለት ነገር ለየብቻ እንጠይቅ። ጎርፉ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል? ሲመጣስ ምን ያህል ይጎዳል?» አለች።

«በሰባ ዓመቴ እዚህ ሜዳ ላይ ከጉልበት ያለፈ ውሃ አላየሁም። ደግሞ ሮቤ ሳይዘንብ ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ከላይ ከተራራው ነዋ!» አለች ሳምራዊት። «እዚህ ፀሐይ እየሞቁ ሊደርስብዎ ይችላል። ለመሆኑ ያ ወዲያ የታሰረው ኮርማዎ ስንት ሰው ወግቷል?»

«አንድ ብቻ። አማቼን። ስድስት ወር ተኛ።»

«በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ከሆነ የወጋው፣ ታዲያ በወፍራም ገመድ ለምን ያስሩታል?»

«አንዱ ይበቃላ!» አሉና፣ የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ሲደርስ ጺማቸውን ያዙ። ግን ሐጂ ቶሎ አይሸነፉም። «እሺ፣ ያን ያህል ውሃ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?»

ሳምራዊት ችካሎቹ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ወይራ አንጋጠጠች። «እዚያ ቅርንጫፉ መሃል ያለው ምንድን ነው?»

«የወፍ ጎጆ።»

«ጎርፍም ሲያልፍ ገለባና ጭቃ ትቶ ይሄዳል። የውሃውን ቁመት የምናውቀው በሱ ነው። ማን ይወጣልናል?»

እኔ ወጣሁ። የደረቀውን ጭቃ ስፈነቅል እንጨት እጄ ገባ። ስስበው መንሽ! እጀታው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የጨረቃ ምልክት አለበት፤ የሐጂ ምልክት። ወርጄ ሰጠኋቸው።

ሳምራዊት ከመሬት እስከ ጭቃው ለካች። «ሦስት ሜትር ተኩል። የመጋዘኑ ጣሪያ ስንት ነው?»

«ሦስት» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። አንዴ ዛፉን፣ አንዴ ችካሉን አዩ። «ያ ረቢ! ስንዴዬ ከነጣሪያው ይሄድ ነበር!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሳላሀዲን፣ ስድስት ዓመት ሌባ ስልህ ኖርኩ። አውፍ በለኝ። እንካ፣ መንሹን ውሰደው፤ ዋጋውን በዚያ ሁሉ ስድብ ከፍለሃል።» ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

መጋዘኑ ከሜዳው ከፍ ብሎ ያለው ጉብታ ላይ ተሠራ። ወደ ላይ ጎባ ያሉ ዘመዶች ወንዙ ሲሞላ እንዲደውሉልን፣ እኔም ሰፈሩን እንድጠራ ተስማማን። በክረምቱ አንድ ቀን፣ ሮቤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «ውሃ! ውሃ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሐጂ ግን ከዘራቸውን አንስተው፣ «ተነሱ! እሱ ስለ ውሃ አይዋሽም!» ብለው ጮሁ።

ከብቱም ልጁም ጉብታው ላይ ወጣ። ውሃው መጥቶ ወይራውን እስከ ወገቡ አለበሰው፤ የወሰደው ግን ባዶ ችካል ብቻ ነው። አንዲት ዶሮ እንኳ አልጠፋችም፤ ስንዴውም ደረቅ እንደሆነ ለገበያም ለዘርም ተረፈ። ዛሬ ሰፈራችን ቤት የሚሠራ ሁሉ ቀድሞ ወይራውን ቀና ብሎ ያያል።

ስለ ላሟ የሚጠይቀኝ ካለ ግን፣ ደህና ናት፤ ዘንድሮም ለዘይራ ትዘጋጃለች።