የተለበደ ደብተር

ከሲልቨር ስፕሪንግ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት እናት የደብተር ፌስታል ታቅፋ አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌ ታወራለች።

«ሪተርን ላደርገው ነው፣ አባባ። ልጄ አልይዝም አለችኝ።»

«ምን ጎደለው? በክር የተሰፋ፣ ጠንካራ ደብተር እኮ ነው።»

«እኔም ለጥንካሬው ብዬ ነው የገዛሁት። ቲቸሯ ግን ባለሽቦውን ነው የምትፈልገው። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እየገነጠሉ ነው አሉ የሚሰጧት።»

«ከደብተር ላይ ገንጥለው?»

«አዎ!»

«በገዛ እጃቸው?»

«ራሷ እያዘዘቻቸው!»

«ወይ ጉድ! እኛ አንድ ቅጠል ስንገነጥል ጓደኛው ከወዲያ በኩል ወልቆ ያሳብቅብን ነበር።»

«የኔማ አባት ቅጠሉን ይቆጥሩት ነበር።»

«በይ ግድ የለም፤ ደረሰኙን ከያዝሽ ይለውጡልሻል።»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው… ለብጄዋለሁ።»

«በምን?»

«ባለፈው ዓመት ካላንደር። ሁሉንም።»

«እስቲ አሳዪኝ… ውይ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የለበድሽው! ጥጉ እንኳ አልተሸበሸበም።»

«ታዲያ ሱቁ ይህን አይቶ ይቀበለኛል?»

«እንዳትመልሺው! እኔ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለልጆች ፊደል አስተምራለሁ። ልጅሽን ከነደብተሯ አምጪያት።»

«እርስዎስ አያስገነጥሏትም?»

«እስቲ ትሞክረው!»

ጠዋት ለአስቤዛ ዝርዝር ወረቀት የገነጠልኩበትን፣ ጭኔ ላይ የነበረውን ደብተሬን ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።