በአባታችን ክፍል ስለተቃጠለው ኮምፒውተር

የምስክር ቃል

ቃል ሰጪ፦ የሟች ሴት ልጅ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ቃጠሎው የደረሰበት ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ጠዋት

እኔ ቃል ሰጪዋ ስለ አባቴ አሟሟት የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

ሟች አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በቤታችን የኋላ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ነበር። አብረነው የምንኖረው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። አባቴ ከታመመ ወዲህ ከሰው ጋር መነጋገር አቁሞ ነበር። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን ወንድሜ በስልኩ የከባድ መኪና ጌም ቪዲዮ ከፍቶ አሳየው። አባቴ ቀና ብሎ፣ "ይሄ ሰውዬ ቁልቁለቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው? አብዷል እንዴ?" አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁን በደንብ የሰማነው ያን ቀን ነው።

ወንድሜም ጌሙን ለአባቴ ሊጭንለት ቆረጠ። እቤት የነበረን ኮምፒውተር አንድ ቢሮ አርጅቷል ብሎ ያስወገደው ነው። ጌሙ ሲከፈትበት መንገዱ ይንቀጠቀጥና ድርቅ ብሎ ይቀራል። አዲስ ለመግዛት አቅማችን ስለማይፈቅድ፣ ያገለገለ ዕቃ ጨምረንበት እናሻሽለው ተባብለን ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ አብረን ሄድን። ጠጋኙ የሰፈሩ ሰው "መነጽሩ" እያለ የሚጠራው፣ አሁን በዚህ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ የሚገኘው ሰው ነው።

መነጽሩ ኬዙን ከፍቶ አቧራውን አራገፈ፤ ራም ጨመረበት። ወንድሜ የጌሙን ምስል የሚያፈጥን ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲመርጥ ግን እንዲህ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ "ካርዱ ደህና ነው። መብራት የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላይህ ግን አይችለውም። ይሄ ደብዳቤ ለሚጻፍበት ማሽን የተሠራ ነው፤ ከባድ ጌም ሲከፈትበት ይግላል። እሱንም ካልቀየርክ አልገጥምልህም።" ወንድሜ፣ "ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ጓደኛዬ ጋ አለ" አለው። መነጽሩም፣ "እንግዲያው አምጣውና ልየው። እኔ ሳላየው እንዳትሰካው" ብሎ ካርዱን ሳይገጥመው በካርቶን ጠቅልሎ ለብቻው ሰጠን። ጓደኛው ጋ ምንም እንደሌለ ያወቅሁት ከሱቁ ወጥተን መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። ወንድሜ፣ "የነሱ ነገር እኮ፣ አንድ ዕቃ ልትገዛ ገብተህ ሱቁን ተሸክመህ እንድትወጣ ነው የሚፈልጉት" ብሎ ሳቀ።

ካርዱን የገጠመው ወንድሜ ራሱ ነው። ለካርዱ የሚሆን ገመድ አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ላይ ስላልነበረ፣ ከሌላ ዕቃ ቆርጦ በፕላስተር አያያዘው። ጌሙ ሠራ። አባቴን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው፤ በደህናው እጁ ቁልፎቹን እየተጫነ መንዳት ጀመረ። "ፍሬቻ ሳያሳይ ገባብኝ እኮ! ይሄ መንጃ ፈቃዱን በሎተሪ ነው ያገኘው!" እያለ በሌለ ሾፌር ይቆጣል። ምግብ ይዤ ስገባ፣ "ቆይ ልጄ፣ ይህችን ዳገት ልጨርስ" ይለኝ ጀመር። ከጨረሰ በኋላም ሳልለምነው ይበላል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያየው ነበር። ይህን የምናገረው፣ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ለአባቱ ብሎ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ መሐል መንገድ ላይ ድርግም እያለ ይጠፋ ጀመር፤ በመጨረሻም ጭራሽ አልነሳ አለ። ወንድሜ ፓወር ሰፕላዩን ፈታትቶ ፊውዙ መቃጠሉን አሳየኝ። "ለምን መነጽሩን አናሳየውም?" ስለው፣ "ምን ሊለኝ? ያው ቀይር ሊለኝ ነው። አባዬ ደግሞ እየጠበቀ ነው" አለኝ። በፊውዙ ፋንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህም አንድም ቀን አልጠፋም።

ቃጠሎው የደረሰው ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። የአባቴ ክፍል የጌሙ ድምፅ ጎረቤት እንዳይረብሽ ተዘግቶ ነበር። የጌሙ መኪና ሞተር ድምፅ ሲቆም ደክሞት ያረፈ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በሩን ስከፍተው ጭሱ ፊቴን መታኝ። ኬዙ የሚቀመጠው ከአልጋው ግርጌ፣ መጋረጃው ሥር ስለነበር እሳቱ ከኬዙ ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ፍራሹ ተያይዟል። አባቴ ከአልጋው ወድቆ፣ በአንድ ክንዱ እየተሳበ በሩ አጠገብ ደርሶ ነበር። ብብቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ጩኸቴን የሰሙት የዳቦ ቤቱ ጋጋሪዎች መብራቱን ከቆጣሪው ካጠፉ በኋላ እሳቱን አጠፉ። አባቴ ሐኪም ቤት አድሮ በማግሥቱ አረፈ። ሐኪሟ የገደለው ጭሱ እንደሆነ ነግራናለች።

ወንድሜ ለፖሊስ "ኮምፒውተሩን የገጣጠመው መነጽሩ ነው" ብሎ መናገሩን የሰማሁት መነጽሩ ከታሰረ በኋላ ነው። ምን ነካህ ብዬ ስጠይቀው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ "እህቴ፣ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለሰው እንዴት ልናገር? ለራሴ እንኳን መንገር አቅቶኛል" አለኝ።

ትናንት የመነጽሩ ሚስት የተዘጋውን ሱቅ ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ቤታችን መጣች። ልትጣላን የመጣች መስሎኝ ነበር። "እግዜር ያጥናችሁ" ብላ ትንሽ ከተቀመጠች በኋላ፣ "ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አንቺም ነበርሽ አይደል?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። "ነበርኩ" አልኳት። ተነስታ ወጣች።

ወንድሜ እንዲህ ያለ ቃል እንደምሰጥ ያውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አያውቅም ብያለሁ። እዚህ ያመጣኝ እሱ ራሱ ነው፤ ብቻዋን አትሂድ ብሎ ከሥራ ቀርቷል። አሁን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዬን ይዞልኝ ተቀምጧል።

የተናገርኩት ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ሁሉም ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው፤ ለማንም አላዳላሁበትም። በሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረመች በኋላ፣ ወንድሟን ፖሊስ ሳይሆን እሷ ራሷ ጠርታ እንድታስገባው ጠይቃ ተፈቅዶላታል።