የኤሊዋን ፊልም የሠሩት እህቴ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና እህታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ነኝና የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ልጆቻቸው አደራ ሰጥተውኛል። ከማንበቤ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እሱን ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ ውሸት ይሆናል። አብዛኞቻችሁ በልጅነታችሁ ያያችሁት፣ ልጆቻችሁም ያዩት፣ በመጀመሪያው ላይ የእኔ ስም የተጻፈበት፣ ያ ቤት ፍለጋ የወጣችው ኤሊ ፊልም የእኔ ሥራ አይደለም። የሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህንን አርባ አራት ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ሳነብ ድምፄ ቢቆራረጥ ሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኀፍረትም አለበት።

እህታችን ከካርታ ገልባጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ በነበረችው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ካርታ በስስ ወረቀት ላይ እያሳለፉ ይገለብጡ ስለነበር የተበላሸውን ወረቀት እየጠቀለሉ ወደ ቤት ያመጡ ነበር፤ እህታችንም ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያንን ወረቀት በመስኮቱ መስታወት ላይ እየለጠፉ በውጭ የሚያልፈውን ሰው፣ ውሻና ብስክሌት በእርሳስ ሲከተሉ ይውሉ ነበር። የሚሄድ ሰው ቆሞ አይጠብቅምና፣ እግሩ ብቻ የቀረ ሰውዬና ሦስት ራስ ያወጣ ውሻ በየግድግዳው ተለጥፎ፣ እንግዳ የመጣ ቀን እናታችን ቶሎ ቶሎ ሲነቅሉት ትዝ ይለኛል።

በተፈጥሯቸው ዝግተኛ ነበሩ። ሲበሉ ዝግ፣ ሲናገሩ ዝግ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ ዝግ፤ እናታችን ትዕግሥታቸው ሲያልቅ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለሞትሽም ዘግይተሽ ነው የምትደርሺው» ይሏቸው ነበር። በመጨረሻው ሕመማቸው ሐኪሞች ስድስት ወር ብቻ የሰጧቸው እህታችን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ መቆየታቸውን እናታችን አይተው ቢሆን ኖሮ፣ «አላልኳችሁም?» ብለው ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ ችኩልና አፈኛ ነበርኩ፤ የሰፈር ሰው «ራዲዮ» ብሎ ሰይሞኝ ነበር። አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ያግባሽ ቢሏት፣ አፍ ያለው ያግባኝ፣ ከብት ያለውን ይጠራዋል አለች የተባለውን ተረት እየጠቀሱ አባታችን ሲስቁብኝ፣ ተረቱ ሙገሳ መስሎኝ ያደግሁ ሰው ነኝ።

እህታችን የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ ለአንድ ዓመት የሥዕል ሥልጠና ከተከታተሉ በኋላ፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በፊልም መሥሪያ ቤት የካርቱን ክፍል በቀለም ቀቢነት ተቀጠሩ። የሚሠሩበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ሲሆን፣ ስድስት ጠረጴዛዎች ነበሩት፤ የየጠረጴዛው ገጽ መስታወት ነው፣ ከመስታወቱ ሥር አምፖል ይበራል፤ ሥዕሉ ላይ ሌላ ስስ ወረቀት ይደረብና ከሥር ያለው እየታየ የሚቀጥለው ይሣላል፤ እንደ አባታችን ካርታ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰከንድ ፊልም አሥራ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል። የአምፖሉ ሙቀት ወረቀቱን እየጠቀለለ እህታችንን ስላስቸገራቸው የመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርተው መጥተው፣ የጠረጴዛቸውን ጎን በስተው ትንሽ ማራገቢያ ገጠሙላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን የእሳቸው ጠረጴዛ አምፖል በየሳምንቱ መበላሸት ጀመረ። ባልደረቦቻቸው ሰውየው ራሱ እያላላው ነው የሚሄደው እያሉ ሲያሟቸው ከረሙ፤ ሐሜቱም እውነት ሆኖ ተገኘና በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፍቅር ኖረው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ባለቤታቸው ከእሳቸው ቀድመው አርፈዋል።

እኔ ወደዚያ መሥሪያ ቤት የገባሁት እሳቸው አሥራ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ ነው። የገባሁትም ኃላፊ ሆኜ ነው። መስመር አስተካክዬ ማስመር የማልችል ሰው የካርቱን ክፍል ኃላፊ የሆንኩት ስብሰባ ላይ ንግግር ስለሚቀናኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴም በበሬ ፊት ሲያልፉ በሰው ፊት «አቶ ኃላፊ» እያሉ፣ ሰው በሌለበት «አንተ፣ ምሳ በልተሃል?» ይሉኝ ነበር።

እህቴ ቀለም ቀቢ ተብለው ቢቀጠሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው የሣሏትን ፊልም ታውቋታላችሁ፤ ለማያውቃት ልንገር። አሥራ አንድ ደቂቃ ናት፣ ንግግር የላትም። አንዲት ኤሊ ጀርባዋ ላይ ያለው ቤቷ የጠበባት መስሏት ሌላ ቤት ፍለጋ ትወጣለች፤ በጥንቸሏም፣ በጉንዳኖቹም፣ በአይጧም በር ታንኳኳለች፤ የሚበቃት አታገኝም፤ በመጨረሻ ዶፍ ሲወርድ ቤታቸው ውሃ የገባባቸው ሁሉ መጥተው ከእሷ ቅርፊት ሥር ይጠለላሉ። ተረቱ ይኸው ነው፣ ማንም ሊያስበው ይችላል። ሰው የወደዳት ግን በተረቱ አይደለም። ኤሊዋ በር ላይ ስትደርስ ልታንኳኳ እግሯን ታነሳና ትተወዋለች፤ አንገቷን ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ እግሯን ሣሩ ላይ ትጠርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምታንኳኳው፣ እሱንም ቀስ ብላ። አዳራሽ ሙሉ ሕፃን ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቃት አይቻለሁ። እንደ ኤሊዋ አንኳኳ እያሉ ልጆቻቸውን ሥርዓት ያስተማሩ ወላጆችም እዚህ መካከላችሁ አሉ።

ያ በር ላይ መቆም ስድስት ሰከንድ፣ ሰባ ሁለት ሥዕል ነው። ሥዕሎቹን ባየሁ ጊዜ ኃላፊው፣ ማለትም እኔ፣ «እትዬ፣ ምንም የማይሆንበት ስድስት ሰከንድ ለማን ነው? ቁረጪው» አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ» ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። እሺ አሉ እንጂ አልቆረጡም። ፊልሙ ተነሥቶ ሲታይ ስድስቱ ሰከንዶች በቦታቸው ተቀምጠው ነበር፤ ጊዜ ስላልነበረን ተቆጥቼ ተውኩት። ከየት አመጣሽው ብዬ ስጠይቃቸውም፣ «እማዬ የሰፉትን የተማሪ ልብስ ለየባለቤቱ ሊያደርሱ ሲሄዱ በሰው በር ላይ እንዴት እንደሚቆሙ ረሳኸው?» አሉኝ። እጃቸውን ያነሱ ነበር፣ ይተዉት ነበር፣ ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር፣ ከዚያ ያንኳኩ ነበር። ጥቅሉን በአንድ ወገን እህቴ፣ በሌላው ወገን እኔ ይዘን አብረን ቆመን ነበር። እሳቸው አዩ፤ እኔ አላየሁም።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ በፊልም መጀመሪያ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ስም ይጻፍ ይላል፤ የሠሪው ስም አይጻፍ ግን አይልም። ይህንን ያኔም አንብቤዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ፣ «ለጊዜው የእኔን ብቻ ጻፊው፤ ፊልሙን የሚገመግመው ኮሚቴ ካሳለፈው በኋላ ሌላ ቅጂ ሲወጣ ያንቺ ይገባል» አልኳቸው። ከክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ የእሳቸው የእጅ ጽሕፈት ያምር ስለነበር፣ ስሜን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከፊደሎቹም ሥር ሰው ሳይጠይቃቸው ትንሽ ሣር ሣሉልኝ።

ፊልሟ ወጣች፣ ተወደደች፣ ተሸለመች። እኔ ተሸለምኩ ማለቴ ነው። ስድስት ጊዜ አዲስ ቅጂ ወጣ፤ ስድስቱንም ጊዜ ዛሬ ነገ ስል አለፈ። ለጋዜጠኛ፣ ያ ዝምታ እንዳይቆረጥ የታገልኩት እኔ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ጋዜጣው የወጣ ቀን እህቴ ገዝተው አምጥተውልኝ፣ «ፎቶህ ጥሩ ወጥቷል» አሉኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ግን አድምቆኝ ነበር፣ ምን ይደረግ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት ፊልሟን አሳይቶ ለልጆቹ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ እህቴንም ይዣቸው ሄድኩ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ኤሊዋ በሩ ላይ ስትቆም ምን እያሰበች ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጥበብና ስለ ዝምታ ኃይል ረጅም ነገር ተናገርኩ። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ፣ «እሱን አይደለም የጠየቅሁት» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እህቴ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ «ሰዎቹን ባስቸግራቸውስ እያለች ነው፣ የኔ እናት» አሏት። ልጅቷ ደስ ብሏት ተቀመጠች። የልጅቷ መምህርትም ዞር ብላ፣ እሳቸው ማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም፣ «እህቴ ናቸው፤ ቀለም ይቀቡልኝ ነበር» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ የነበረው ያን ቀን ነው፣ ግን አልዋጠችኝም፤ ሻይ ጠጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ እህቴ ስለ ልጅቷ ብልህነት ሲያወሩ ነበር፤ ስለ እኔ አንድም አልተናገሩም።

እህታችን ሠላሳ አራት ዓመት በቅንነት አገልግለው በጡረታ ተሰናበቱ። ሲሰናበቱ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት «ቀለም ቀቢ» ይላል። የፈረምኩበት እኔ ነኝ።

ከዚያም እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እርሳስ መያዝ ከተሳናቸው በኋላ ለልጅ ልጆቻቸው ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ በመስኮት ጭጋግ ላይ ይሥሉላቸው ነበር። ቀጥሎ ኩላሊታቸው ታመመ። ከሁለት ሳምንት በፊት መሥሪያ ቤቱ ፊልሟን አድሶ እንደገና ሊያወጣት ስለሆነ የሠሪው ስም ተሞልቶ የሚፈረምበት ቅጽ ላከልኝ። ቅጹን በደረት ኪሴ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ልነግራቸው፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ እያዩኝ ስማቸውን ልጽፍ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ አየሩ አወራሁ። ወረቀቱን ሲያዩብኝ ምንድን ነው አሉኝ፤ የጡረታ ጉዳይ ነው አልኳቸው። «ቸኩለህ እንዳትሳሳት፣ ቀስ ብለህ ሙላው» አሉኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ የራሴን ስም ጽፌ ፈረምኩ። ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሴት ልጃቸው ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው ሳለ ዐረፉ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስጽፈው፣ በወንድማቸው ፊልም ላይ በቀለም ቀቢነት አገልግለዋል ብዬ ነበር። አዎ፣ ከሞቱም በኋላ። የእህቴ ልጅ ልትተይብልኝ ወስዳ ሁሉንም አጽድታ መለሰችልኝ፤ ያ መስመር የነበረበትን ቦታ ግን ባዶ ትታዋለች። «አጎቴ፣ እዚህ ጋ የሚጻፈውን እርስዎ ያውቁታል» አለችኝና ወደ ሐዘንተኛው ተመለሰች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ የፈረምኩት ቅጽ እንዲሰረዝና በፊልሟ መጀመሪያ ላይ የእሳቸው ስም ብቻ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ፣ እዚህ ከፊት ለቆሙት ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ልጆቻቸው ምስክር ናቸው። እሳቸው ግን አያዩትም። ይህን ለማንበብ የሚበቃ የሃያ ደቂቃ ድፍረት አርባ አራት ዓመት ስፈልግ ቆይቼ፣ ያገኘሁት ዐይናቸው ከተከደነ በኋላ ነው።

እህታችን የመድኃኒት ባለሙያ የሆነች ሴት ልጃቸውን፣ የከተማ አውቶቡስ አሽከርካሪ የሆነ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በአሥራ አንድ ደቂቃ ያሳደጓቸው፣ ስማቸውን የማያውቁ ልጆቻቸው ግን ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ደጅ ሳያስቆማት ይቀበላት፤ ለልጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥ።

አንድ ልመና አለኝ። ከቀብሩ በኋላ እኔን ለማጽናናት እንዳትሰለፉ፤ ልጆቻቸው እዚያ በስተቀኝ ቆመዋል፣ ወደ እነሱ ሂዱ። ለእሳቸው የሚገባውን ምስጋና እድሜዬን ሙሉ ስቀበል ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ የልጆቻቸውን መጽናኛ ከእጃቸው አልወስድም።