የጠበቆቹ ፓርኪንግ

እናንተ እዚህ ፌርፋክስ ምግብ ቤት «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ስትባባሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዳውንታውን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፓርኪንግ እሠራ የለ? አንድ ጠዋት ኔቲቭ አሜሪካን የሆኑ አሮጊት ከአውቶቡስ ወርደው የፍርድ ቤቱን በር ጠየቁኝ። «ምን ገጠመዎት፣ እማማ?» አልኳቸው። «የመንግሥት ሰዎች ቤትሽ ጠባብ ነው ብለው የልጅ ልጄን ለባዳ ሰጡብኝ። ለባዳዋ ማሳደጊያ በየወሩ ይከፍላሉ። ያንን ገንዘብ ለእኔ ቢሰጡኝ ሰፋ ያለ ቤት እከራይ ነበር። ባጀት የለም ሲሉኝ ከሰስኳቸው» አሉኝ። ተናግረው ሳይጨርሱ ሰባት መኪና ተከታትሎ ገባ። «የመንግሥት ጠበቆች እነዚህ ናቸው» ብለውኝ በእግራቸው አዘገሙ። እኔም ሰባቱንም ፓርክ አደረግኩ።

ከሰዓት የጠበቆቹ አለቃ ቁልፉን ሊወስድ መጣ። «ደረሰኝ ስጠኝ፣ መንግሥት ነው የሚከፍለው» አለኝ። «ዛሬ ምን ስትከራከሩ ዋላችሁ?» አልኩት። «ባጀት እንደሌለ ስናስረዳ።» «ሰባታችሁም?» «ከባድ ኬዝ ነው፤ ነገ ሁለት ጠበቃ ይጨመርልናል። ቦታ ያዝልን» አይለኝ መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። ፓርኪንጉ ግማሹ ባዶ ነው። «ሶሪ፣ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ባዳ ጋ ውሰዷቸው» አልኩት።