ለሶፋ የተገዛው አስተያየት በእህቴ የቀለበት ፎቶ ላይ ስለ መውረዱ

የምስክሩ መጠሪያ፦ ፌንጣ (የመታወቂያ ስሙ ከመዝገቡ ጀርባ ተጽፏል)
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል፣ ሁለት ጊዜ
አድራሻ፦ ከሶፋ ቤቱ ጀርባ፣ አክስቱ ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ መብቴ ተነግሮኝ፣ ራሴም በፋሻ ተጠምጥሞ፣ የሚከተለውን እጅግ ከባድ ዜና ለሕግ አሳውቃለሁ። ዛሬ ከጠዋቱ 4፡00 ላይ በአክስቴ ባል ሶፋ ቤት ደም ፈሷል፣ ጥርስ ወልቋል፣ አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋም ሆዱ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። በዚህም ምክንያት የእህቴ እጮኛ የሆነው በያጅ በዚህ ጣቢያ ታስሮ ይገኛል። ሠርጋቸው እሁድ ነው። እኔም የመጣሁት እሱን ለማስፈታት ነው።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነው። የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምለው፣ በኢንተርኔት ሶፋ የሚሸጥበት ገጽ አለው። ተከታዩ ሠላሳ አንድ ሲሆን ከእነሱ ውስጥ አራቱ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት "ወሬ ብቻ ከምትሆን ይሄን ገጽ ሰው እንዲያየው አድርግልኝ እንጂ" ስላለኝ ተከታይ፣ ላይክና አስተያየት የሚሸጥ ሰው ፈልጌ አገኘሁ። አሠራሩም ገዢው የሚጻፈውን አዘጋጅቶ ከነሊንኩ ይልካል፤ ሻጩ ደግሞ በሌሉ ሰዎች ስም ያወርደዋል። ስለዚህ ስለ ሶፋው አርባ አስተያየት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

እህቴ በዚያው ቤት የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። ትናንት ቀለበት ያሰረችበትን ፎቶ በራሷ ገጽ ለጥፋ "ለእማዬ ላክላት" ስላለችኝ ሊንኩን ኮፒ አድርጌ ልኬ ነበር። ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ የሶፋውን ሊንክ ኮፒ ያደረግኩ መስሎኝ ለሻጩ የላክሁት ያንኑ የእህቴን ነው። ሆን ብለህ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ በእህቴ ላይ ሆን ብዬ የሠራሁት ብዙ ነገር እንዳለ፣ ለምሳሌ ወንበሯ ላይ ማስቲሽ መቀባቴን፣ ይሄኛው ግን ከእነዚያ እንዳልሆነ መልሻለሁ።

3፡30 ላይ በእህቴ ፎቶ ሥር ዘጠኝ መቶ ላይክና አርባ አስተያየት ወረደ። ከአስተያየቶቹም መካከል "አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?"፣ "እኛ ቤት ስድስት ወር ቆይቷል፤ ምንም አልሆነም"፣ "ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ እዚያው ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስደው" የሚሉ ይገኙበታል። እዚህ ላይ መርማሪው ለሦስት ደቂቃ ያህል ወደ ውጭ ወጥተው ተመልሰዋል።

አንዱ አስተያየት ሶፋ ቤቱን ስለሚያመሰግን 4፡00 ላይ በያጁ የብረት ቱቦ ይዞ ገባ። ስልኩን ጋሼ ፊት ደቅኖ "ይሄን ያስጻፍከው አንተ ነህ?" አለው። ጋሼ መነጽር አላደረገም። ያየው ዘጠኝ መቶውን ብቻ ስለሆነ ደረቱን ነፍቶ "አዎ፣ እኔ ነኝ። ገና ምን አይተህ" አለ። በያጁም በቡጢ አፉን መታው፤ ጥርስ ወለቀ። ጋሼ ጨርቅ የሚመታበትን ትልቁን ስቴፕለር አንስቶ የበያጁን እጅጌ ከሶፋው ክንድ ጋር አጣበቀው። በያጁ ሶፋውን እየጎተተ በቤቱ ውስጥ አሳደደው፤ ቱቦውን ሲሰነዝር ጋሼን ስቶ የሶፋውን ሆድ ቀደደው።

በዚህ ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ። እህቴ ሳቄን ታውቀዋለች። የእንጨት ሜትሯን ይዛ ከስፌት መኪናዋ ተነሣች።

"አንተ ነህ አይደል?"

"እታለም ሙች፣ ሊንኩ ነው።"

"ሊንኩን አሳይሃለሁ።"

ግንባሬን ሁለት ጊዜ መታችኝ፤ በሁለቱ ቁስሎች መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሴንቲሜትር ነው፤ እጇ መለካት የለመደ ነው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር በያጁ እጅጌውን ቀዶ መጣና ክንዱን ጋረደልኝ፤ ምቱም እሱ ላይ አረፈ። "የኔ እናት፣ ልጁ ይሞትብሻል" አላት። ፖሊስ የደረሰው ያኔ ነው። ቱቦው ወለሉ ላይ ነበር፣ ደሜም ሸሚዙ ላይ። እህቴ "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ስትከፍት "አንቺ ዝም በይ" ብሎ እጁን ለካቴና ሰጠ።

ስለዚህ በመዝገቡ "በብረት ተመትቶ ተፈነከተ" የተባለው "በእንጨት ሜትር" ተብሎ፣ መቺውም እንዲታረም አመለክታለሁ። እህቴን አልከስም፤ ሲያንሰኝ ነው። ሁለቱም ከታሰሩ እሁድ የምንድረው ማንን ነው?

ሌላውን ጉዳት በተመለከተ፣ የጋሼ ጥርስ ድሮም ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ነው፤ ታጥቦ ተመልሷል። ጋሼም አልከስም ብሏል። የሶፋውን ሆድ እህቴ እየሰፋች ነው። አስተያየቶቹን ቁጭ ብዬ አጥፍቻለሁ። "ጠንካራ ነው፤ ለቤት የሚሆን ነው" የሚለውን ብቻ እህቴ አይታ "እሱ ይቆይ፤ ስለሱ ነው" ስላለች ትቼዋለሁ።

መግቢያው ላይ እጅግ ከባድ ዜና ያልኩትም ይሰረዝልኝ። ነገሩ በጠቅላላ ሁለት ስፌት ነው፤ እሱም አላመመኝም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ቃሉ የራሴና እውነት ነው፤ ውሸት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ፣ ከሕግ በፊት ግን እህቴ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፌንጣ
ቃሉን የተቀበለው፦ የዕለቱ መርማሪ (ፊርማ)