በአበባ የታሸገው ክዳን

የእህቴ ልጅ መቱ ላይ ሲያገባ፣ ሙሽሮቹን በመኪናዬ ልጫን ብዬ ያየሁትን አበሳ አትጠይቁኝ! "መጀመሪያ ቤንዚን ልሙላ፣ ከዚያ ታስጌጡታላችሁ" ብዬ ለምኜ ነበር። በጀሪካን ቤንዚን ቀድቼ ስደርስ ሚዜው የቤንዚን መሙያውን ክዳን ሳይቀር አበባ ለጥፎበታል። "ጋሼ፣ ያለው ለከተማ ይበቃል፤ አበባውን እንዳይነኩብን!" አለኝ። ለቀጥታ መንገድማ ይበቃል! እኛ ግን ጡሩምባ እየነፋን አደባባዩን እንደ ውድድር መኪና ስንዞረው፣ ያቺ ትንሽ ቤንዚን ወደ አንድ ጎን ሸሸችና ፓምፑ አየር ሳበ። መኪናው ተንገጫግጮ ጠፋ።

"ቤንዚን ነው!" ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ! አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ኮፈኑን ለመክፈት ከላዩ ያለውን አበባ በሙሉ ገነጣጠሉት። የቤንዚኑ ክዳን ላይ ያለችውን አንዲት ጽጌረዳ ግን ሚዜው ቆሞ ይጠብቃታል! በመጨረሻ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች፤ ጽጌረዳዋን መንጭቃ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "ያዝ! ጋሼ፣ በሉ ይቅዱበት!" አለች።

ጀሪካኑን ከመኪናው ኋላ አውጥቼ ገለበጥኩበት፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። ይሄኔ ሚዜው ጽጌረዳዋን እንደያዘ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ጋሼ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት?"